ለልጄ ሰርግ ፎቶ አንሺ፣ ከሙሽራዋ እናት

ከሁሉ በፊት ልጄን ለወግ ለማዕረግ ያበቃልኝ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን። ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. እሁድ ድሬዳዋ ላይ ለደገስነው ሰርግ የለፋችሁ ሁሉ፣ ድንኳን የተከላችሁ የሰፈራችን ልጆች፣ ዕቃ ያወጣችሁልን እድርተኞች፣ ሦስት ሌሊት ሽንኩርት ስትልጡ ያነጋችሁ ጎረቤቶቼ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከሐረርና ከጅግጅጋ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ብድራችሁን በልጆቻችሁ ሰርግ ለመመለስ ያብቃኝ። ዛሬ ግን ብዕር ያነሳሁት በተለይ ለአንዲት ልጅ ነው።

ስሜን አትጥሪ ስላልሽኝ ስምሽን አልጠራም። ሥራሽን ግን እናገራለሁ።

ሰርጉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ቀብድ የተቀበለን ፎቶ አንሺ ስልኩን ዘጋ። በጥር ፎቶ አንሺ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የዳረ ያውቀዋል፤ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያሉት እሁዶች ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም ተይዟል። አንቺም ቅዳሜ ሌላ ሰርግ፣ ሰኞ ደግሞ መልስ ነበረብሽ። አርፍበታለሁ ያልሽውን እሁድ ነው የሰጠሽን፤ ቸግሯቸዋል ብለሽም ዋጋ አልጨመርሽም።

ማክሰኞ ቤታችን ስትመጪ የአልበም ናሙና ታሳዪናለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን ቡናው እስኪፈላ ደብተር አውጥተሽ፣ እንደ ድሬ ልጅ "አንቺ" እያልሽ፣ "እማማ፣ ከዘመድ ረጅም ሰዓት መቆም የማይችል ማን አለ? እርስ በርሱ የተኳረፈስ አለ? ንገሪኝ፣ አንድ ላይ እንዳላቆማቸው" አልሽኝ። አማቴ ጉልበቷን እንደሚያማት የነገርኩሽ ያን ጊዜ ነው። የሰርጉ ቀን ጠዋት ልጄ ጉልበት ስማ ስትመረቅ አማቴን ከወንበሯ ማንም አላስነሳትም። አንቺ ነሽ መሬት ላይ የተቀመጥሽው። ፎቶው ላይ የአማቴ እጅ በልጄ ራስ ላይ ሆኖ ጣቶቿ ሲንቀጠቀጡ ሳይቀር የሚታይ ይመስለኛል።

ከምርቃቱ በኋላ ያለውን ሰርግ እኔ አላየሁትም። የድግስ ቤት እናት ሰርጓን ከጓሮ ሆና በጆሮዋ ነው የምትሰማው። እልልታው ሲቀልጥ "ገቡ" እላለሁ፣ ከበሮው ሲመታ "ተነሱ" እላለሁ፣ እጄ ግን ጭልፋው ላይ ነው። ሙሽሮቹ ድንኳን ሲገቡ ወጡ እንዳያንስ ስጨነቅ ነበር። ልጄ ስትገባ ሳላያት በመቅረቴ ለብዙ ቀን ሆዴን ሲበላኝ ቆየ። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

አልበሙን ስታመጪልን አንድ ቦታ ላይ ገልጠሽ አስቀመጥሽልኝ። በቀኝ በኩል ልጄ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ናት፤ ሚዜዎቹ በሙሉ ወደፊት ያያሉ፣ እሷ ብቻ አንገቷን አስግጋ ወደ ጓሮው በር ታያለች። እኔን ነው የምትፈልገው! በግራ በኩል እኔ ነኝ፣ ጉልቻው አጠገብ፣ በነጠላዬ ጫፍ እጄን እየጠረግሁ፣ ፊቴን እልልታው ወደመጣበት አዙሬ። ረዳትሽን ጓሮ አቁመሽው እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። የሁለቱንም ፎቶ ሰዓት ኮምፒውተርሽ ላይ አሳየሽኝ፤ ሁለቱም 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይላሉ። ፊት ለፊት አድርገሽ ስላተምሻቸው አልበሙ ሲከደን ፊቷ ፊቴ ላይ ያርፋል። ልጄን ስትገባ አየኋት፤ ስትፈልገኝም አየኋት።

ከዚያ ጓሮ ሌሎችም አሉ። የሙስሊም እንግዶቻችንን ድስት ለብቻው ይዛ ከንጋት ጀምሮ እሳት ስታነድ የዋለችው ጎረቤቴ፣ ሁለቱ እሳቶች ጎን ለጎን፣ ጭሳቸው ከላይ አንድ ሆኖ። የሰፈሩ ሴቶች እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። የሠሩት ሰዎች እኩል ገጽ ይዘው የወጡበት የሰርግ አልበም ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፎቶ አጥበሽ በፖስታ ላክሽላቸው፤ ጎረቤቴ የራሷን ቴሌቪዥኗ ላይ አስደግፋዋለች።

ስለ ቀትሩም ልናገር። ጥር ቢሆንም የድሬ ቀትር ያው ቀትር ነው። ሚዜዎቹ ከዚራ ሰፈር ካሉት ዛፎች ሥር ፎቶ ካልተነሳን ብለው ሲቻኮሉ፣ ፀሐይ በቅጠሉ መሃል እየሾለከች ፊታቸውን እንደምታዥጎረጉረው፣ ቬሎውም ነጭ ወረቀት መስሎ ጥልፉ እንደሚጠፋ ነገርሻቸው። ጥላው ሙሉ የሆነ ግድግዳ ፈልገሽ ጥቂት ብቻ አነሳሽና የቀረውን ለ11 ሰዓት አቆየሽው። ተነጫነጩብሽ፣ ሰምቻለሁ። ዛሬ የቬሎውን ጨሌ አንድ በአንድ እየቆጠሩ ያሳዩኛል።

በ11 ሰዓት አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ነበርን። ባቡሩ በ1895 ድሬ ሲደርስ ነው ከተማችን የተቆረቆረችው፤ ባለቤቴም ዕድሜውን የጨረሰው በምድር ባቡር ሥራ ነው። ሙሽሮቹን ጨርሰሽ "አሁን ወላጆች ብቻ" አልሽ። ሽንኩርት ሽንኩርት እሸታለሁ ብዬ ስሸሽ "አቦ እማማ፣ ሽታ ፎቶ ላይ አይወጣም፣ ነይ ቁሚ" ብለሽ በእጅሽ ጎተትሽኝ። ያን ሰዓት ምክንያቱን አላወቅሽም ነበር፣ በኋላ ነው የነገርኩሽ። እኔና እሱ የሰርግ ፎቶ የለንም። በ1979 ተጋብተን የተነሳነው ሁሉ፣ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደ ጊዜ ከነሳጥኑ ሄደ። ነፍሳችን በመትረፏ ስለ ፎቶ ማዘን ነውር መስሎን ዝም ብለን ኖርን።

ይህን ከሰማሽ በኋላ ያደረግሽው ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። ካሜራሽ መጀመሪያውኑ እያንዳንዱን ፎቶ ሁለት ካርድ ላይ ይይዝ ነበር፣ ሌሊቱንም ሳትተኚ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጠሻል። አንዱ አንቺ ጋ፣ አንዱ እኛ ጋ አለ። ሦስተኛውን በፍላሽ አድርገሽ "ይሄን ሐረር እህትሽ ጋ ላኪው፣ የደንገጎን ዳገት የሚወጣ ጎርፍ የለም" አልሽኝ። በሚኒባስ ላክነው። ጀጎል ውስጥ፣ እህቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከወርቋ ጋር ተቀምጧል።

ባለቤቴ ብዙ ተናጋሪ አይደለም። የጣቢያውን ፎቶ ግን ራሱ ቀፊራ ገበያ ወርዶ ፍሬም ገዛለት፣ ራሱ ሚስማር መታለት፣ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ጎርፉ ያን ሌሊት ግድግዳው ላይ ከደረሰበት ምልክት በላይ ነው የሰቀለው።

ልጄ፣ ያን ቀን ያቀረብንልሽን ሳህን ረዳትሽ እንጂ አንቺ አልነካሽውም። ቆማ ዋለች፣ ውሃ ብቻ ጠጣች ብለው የነገሩኝ ሲመሽ ነው። ቅዳሜ ለምሳ ዶሮ እሠራለሁ፣ ረዳትሽንም ይዘሽው ነይ። ካሜራውን ቤት ተይው።