መታወቂያዬን አይተህ መልስልኝ

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ዘመዴን ልጠይቅ ወደ አንድ የግል ሕንፃ ጎራ አልኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ መታወቂያ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ዞር ብሎም አላየው። ከሌሎች መታወቂያዎች ጋር እንደ ካርታ ደርቦ በላስቲክ አሰረና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በምትኩ ቁጥር የተጻፈበት ባጅ ሰጠኝ።

ቀጥሎ መዝገቡ መጣ። ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የሚሄዱበት ቢሮ፣ የገቡበት ሰዓት። ከኔ በላይ የተጻፉትን አሥራ ምናምን ሰዎች ሳልፈልግ አነበብኩ። አንዷ አራተኛ ፎቅ ወዳለው የሥነ ልቦና አማካሪ ሄዳለች። ስሟም ስልኳም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከኔ ቀጥሎ የመጣው ሰውዬም የኔን እንዳነበበ አልጠራጠርም።

የቦታው ባለቤት ማን እንደሚገባ ማወቅ መብቱ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ሌብነት አለ። እሳት ቢነሳም ውስጥ ማን እንደቀረ መታወቅ አለበት። ጥበቃውንም አልወቅስም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው፤ ዕቃ ቢጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀውም እሱ ነው። እኔን ያናደደኝ ማየትና ማስቀረት አንድ ነገር መስሎ መታየቱ ነው። መታወቂያው የሚያዘው ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ባጁን ይዘው እንዳይሄዱ ነው» አለኝ። ለአንዲት ፕላስቲክ ይህን ያህል መያዣ!

ቅብጠት እንዳይመስልብኝ የሲንጋፖርን ነገር ልንገራችሁ። በፀጥታ ጉዳይ የምትቀልድ አገር አይደለችም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ ድርጅቶች ሕግ ካላስገደዳቸው ወይም የሰውየውን ማንነት በትክክል ማረጋገጥ የግድ ካልሆነባቸው በቀር የመታወቂያ ቁጥር እንዳይመዘግቡ፣ መታወቂያውን ደግሞ ሕግ ካላስገደዳቸው በቀር ይዘው እንዳያቆዩ ከልክላለች። አይቶ መመለስ ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግም ለጉዳይህ ከሚያስፈልግህ በላይ አትሰብስብ፣ ጉዳይህ ካበቃም አታቆይ ይላል።

የገቢውን ሰው ፊት በካሜራ የሚለዩ ቦታዎች ደግሞ አሉ። እዚያ እንኳን መታወቂያ አልሰጥም ማለት፣ መጠየቃችሁንም አታውቁም። እ.ኤ.አ. በ2022 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የተባለው የኒውዮርክ የስፖርትና የሙዚቃ አዳራሽ ባለቤት ኩባንያ እሱን በፍርድ ቤት ከሚሞግቱ የሕግ ቢሮዎች የመጡ ጠበቆችን በዚህ መሣሪያ እየለየ ከበር ሲመልስ ነበር። ከተመለሱት አንዷ ከልጇ ጋር ትርኢት ልታይ የመጣች እናት ናት፤ ክሱን የያዘችው እሷ እንኳን አልነበረችም። ለደኅንነት ተብሎ የተገጠመ ካሜራ ቂም መወጫ ሆነ ማለት ነው።

የኔ ጥያቄ ያን ያህል ወጪ የለውም። መታወቂያ ይታይ፣ ስም ይጻፍ፣ መታወቂያው እዚያው ይመለስ። የቀደሙት መስመሮች በካርቶን ይሸፈኑ፤ ወይም ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ብጣሽ ወረቀት ይሰጥና ሳጥን ውስጥ ይግባ። መቼ እንደሚወገድም በሩ ላይ ይለጠፍ።

ስወጣ ባጁን መለስኩ። ጥበቃው ላስቲኩን ፈቶ መታወቂያ ሰጠኝ፤ የሌላ ሰው ነው። የሰውየውን ፎቶ፣ ስምና የትውልድ ቀን አይቼ መለስኩለት። ይቅርታ ጠይቆ የኔን ፈልጎ ሰጠኝ። በዚያው «ይሄ መዝገብ ሲያልቅ የት ይገባል?» አልኩት። ሳቅ ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ። ያለቁትን ሦስት መዝገቦች ደራርቦ ተቀምጦባቸው ኖሯል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ