ቅቡ ላሜራውን አይተካም

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፤
ደብረ ብርሃን

እንደምን ከረማችሁ? ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየመጣልን ነው። «የገንዳው ላሜራ ስስ ይሁንና የፖሊመር ቅብ ቀቡበት፤ ጥንካሬውን ቅቡ ይሰጠው የለ?» ትላላችሁ። ላሜራ ሲወደድ እንዲህ ማሰብ ያለ ነው። ግን አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ብናስረዳችሁ ይሻላል ብለን ነው የጻፍነው።

የምንቀባው ኤፖክሲ የሚባል፣ ሲደርቅ የሚጠጥር የፖሊመር ሙጫ ነው፤ ውስጡ የላመ የሴራሚክ ዱቄት አለበት። ኮምፖዚት የሚባለውም ሁለቱ ስለተቀላቀሉ ነው። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ላሜራው የሚሠራበት 304 የሚባለው የማይዝግ ብረት ደግሞ በግትርነት ከተራ ኤፖክሲ ወደ 60 እጥፍ ይበልጣል። ዱቄቱ ልዩነቱን ጥቂት ቢያጠበውም አይዘጋውም። ስለዚህ ገንዳው ሲሞላ ሸክሙን የሚችለው ብረቱ ነው። 1.5 ሚሊ ላሜራ በ2 ሚሊ ሲተካ ያለመጉበጥ አቅሙ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ይህን የሚሰጥ ቅብ የለንም።

ታዲያ ቅቡ ምን ይጠቅማል? የብረቱን ቆዳ ይጠብቃል። የመኖ ማቀላቀያችሁን አስቡት፤ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ ሞላሰስ፣ ጨው ይገባበታል። ጨው የማይዝገውንም ብረት አይምርም። ላዩ ላይ ያለውን ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን እየበሳ፣ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ያበጃል። በረኪናም እንደዚሁ ነው። ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ውሎ ሲያድር ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያች ቀዳዳ ነው። ቅቡ ጨውን ካራቀለት ብረቱ ብዙ ይቆያል። የሴራሚክ ዱቄቱ ደግሞ የመኖውን ፍትጊያ ይችላል። ሲበዛ ግን ቅቡን ያደርቀውና በትንሽ ምት ያሰነጥቀዋል። መጠኑን የምንጠነቀቀው ለዚህ ነው።

ሥራውን ስንጀምር የቀባናቸው ገንዳዎች አሳፍረውናል። ቅቡ በጥፍር ሲነካ እንደ ድንች ልጣጭ ይነሣ ነበር። ላሜራው እንደ መስታወት ለስላሳ ነው፤ እኛ ደግሞ አጥበን ብቻ ነበር የቀባነው። አሁን በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ደቃቅ ሳናሻክር አንቀባም። በተራ ብረት ፍንጣሪ አናሻክርም፤ ፍንጣሪው ላሜራው ላይ ቀርቶ ራሱ ይዝጋል።

የከተማችን ብርድም ጣጣ አለው። ተራ ኤፖክሲ ከ10 ዲግሪ በታች በወጉ አይደርቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ «ትንሽ ቀን ጨምሩልን» የምንላችሁ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ስለምናሳድረው ነው። እባካችሁ በዚህ አትቆጡን።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናችኋለን። መኖ ሲጣበቅ ገንዳውን በመዶሻ አትምቱት። በቅርቡ ለጥገና የመጣ አንድ ገንዳ ነበር። መዶሻው ባረፈበት ዙሪያ ቅቡ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። ስንልጠው ከሥሩ ቡናማ ነጠብጣብ አገኘን። የማይዝግ ብረት ሽፋኑን መልሶ የሚሠራው አየር ሲያገኝ ነው። በተሰነጠቀ ቅብ ሥር ጨውና እርጥበት ሲታፈን ግን ካልተቀባው ብረት ይብሳል። በጎማ መዶሻ ቀስ አድርጋችሁ አራግፉት። ስትፈትጉትም ሽቦ አትጠቀሙ። ስንጥቅ ካያችሁ ቶሎ አምጡልን፤ ትንሽ ሳለ ይጠገናል።

የወተት ገንዳ ውስጡን አንቀባም። ለወተት በደንብ የተወለወለ ባዶ ብረት ይሻላል።

ለማዘዝ ስትመጡ ምን እንደምትጭኑበት፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ጨው እንዳለውና ቤት ውስጥ ወይስ ፀሐይ ላይ እንደሚቆም ንገሩን። የላሜራውን ውፍረት ከዚያ ተነሥተን አብረን እንወስናለን። ቅብ የማያስፈልገው ከሆነም እንነግራችኋለን፤ ሒሳቡንም እንቀንሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርክሾፑ ሠራተኞች