ሰዋስው በአክሱም ሐውልት ታሪክ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የእንግሊዝኛ መምህር እንደመሆኔ፣ የግስ እርባታውን በቃላቸው የሚወጡት ተማሪዎቼ ትናንት የት እንደዋሉ ሲጠየቁ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ሲቸገሩ ማየት ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። መላ ያገኘሁት የአክሱምን ሐውልት ታሪክ ይዤ ክፍል ስገባ ነው።

ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወሰደ፤ በ2005 ተመለሰ፤ በ2008 ዳግም ቆመ። «ዋዝ ቴክን» (ተወሰደ) እና «ዋዝ ሪተርንድ» (ተመለሰ) የሚሉትን ተማሪዎቹ ያለ እርባታ ሠንጠረዥ ጻፏቸው። ይበልጥ የረዳን ግን አበበ ቢቂላ ነው። በ1960 የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ በዚያው ሐውልት አጠገብ አልፏል፤ ሐውልቱ ደግሞ ከተወሰደ 23 ዓመት ሆኖት ነበር። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ «የቱ ነው የቀደመው?» ብላ ጠየቀች፤ ሁለቱን ዓመቶች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ስጽፋቸው፣ ከኃላፊው የቀደመውን ኃላፊ፣ «ሃድ ቢን ቴክን» (ተወስዶ ነበር) የሚለውን፣ ራሷ መሠረተችው። (የዘመን አቆጣጠሩን ልዩነት አስቀድሞ ማስረዳት ግድ ነው፤ አለዚያ ዓመቶቹ ይምታታሉ።)

የጉዞ ትረካም እንዲሁ ይጠቅማል። አንዱ ተማሪዬ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ አውቶብሱ የዓባይን በረሃ እየወረደ ሳለ ጎማው እንደፈነዳ ጻፈ፤ በመካሄድ ላይ የነበረን ድርጊት ሌላ ድርጊት እንዴት እንደሚያቋርጠው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በየሳምንቱ አንድ አጭር የታሪክ ወይም የጉዞ ጽሑፍ በቀላል እንግሊዝኛ፣ ከጥቂት መልመጃዎች ጋር፣ እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር