የጭቃ ሹሙ የልጅ ልጅ በክልል ምክር ቤት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ አንድ ሰው ለክልል ምክር ቤት ሲወዳደር መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነው?» ነው። አያቱ ጭቃ ሹም (በንጉሡ ዘመን የመንደር ሹም)፣ አባቱ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ከነበሩና ራሱም ሞፈር ጨብጦ ካደገ ነገሩ አለቀ፤ «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባልለታል። ጋዜጦችም ይህንኑ ይደግማሉ። የሰው ቤት ማወቅ አይከፋም፤ ተመራጩ በ5 ዓመት ምን ሊሠራ እንደሚችል ግን አይነግረንም።

ርስትና ወንበር በሕግ የተጋቡበት ጊዜ ነበር። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሕዝብ ለሚመርጠው ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በሚመረጥበት አገር ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። የምርጫ ሕጉ ልኩን 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት አድርጎታል። ፓርቲ አልነበረም፤ የተመራጩ የሥራ ዘመን 4 ዓመት ነበር። በ1960 አስራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ድምፅ የሰጡት ባለመሬቶቹ ራሳቸው ናቸው። የጭሰኛውን ውል ለማስተካከል የቀረበው ረቂቅ ግን ሳይጸድቅ ቀረ። ማን በገዛ መሬቱ ላይ ይፈርዳል! የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቶ የአንድን ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳያልፍ ሲያደርግ ጋብቻው ፈረሰ። የቤተሰቡ ስም ግን እስከ ዛሬ ይሠራል።

ዛሬ ከገበሬ ቤት የወጣ ተመራጭ መጀመሪያ ሊለየው የሚገባው ነገር አቤቱታው የየትኛው ደረጃ እንደሆነ ነው። አዋጅ የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነው፤ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ለምሳሌ። ደንብ የሚያወጣው መስተዳድር ምክር ቤቱ፣ ማለትም የክልሉ ካቢኔ ነው፤ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ በ2004 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው በደንብ ነው። መመሪያ ደግሞ ከቢሮ ይወጣል። ገበሬው ግን ሦስቱንም «ሕጉ» ነው የሚለው። ተመራጩም እንዲሁ ካለ፣ በአንድ መመሪያ ለሚስተካከል ነገር የአዋጅ ማሻሻያ ሲጠይቅ የሥራ ዘመኑ ያልቃል። ክልሉ መሬት የሚያስተዳድረው ደግሞ የፌዴራል ሕግ በፈቀደው ልክ ነው፤ ለተነሺ የሚከፈል ካሳ መነሻው ያለው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ማዳበሪያ፤ እርሻ የሚያውቅ ተመራጭ ከሌላው ሊለይ የሚችለው እዚህ ላይ ነውና። የተለመደውን ምክር እንውሰድ፤ ለአንድ ሄክታር 1 ኩንታል ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለው ማዳበሪያ) እና 1 ኩንታል ዩሪያ። ከረጢቱ 50 ኪሎ ስለሆነ 2 ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ገደማ ያለው ገበሬ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ከረጢት ይፈልጋል። ይህ ፍላጎት በመኸሩ መጨረሻ ከቀበሌ የልማት ሠራተኛ ተነሥቶ ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ዞን፣ ወደ ቢሮና ወደ ግብርና ሚኒስቴር ይወጣል። ግዥው በጨረታ ነው፤ ጭነቱ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባና ከኅብረት ሥራ ዩኒየን ወደ ቀበሌዎቹ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይወርዳል።

ብልሽቱ የሚጀምረው ግን ወደብ ላይ ሳይሆን ቀበሌ ላይ ነው። ቤት ለቤት መመዝገብ ሲቀር ካለፈው ዓመት ቁጥር ላይ ትንሽ ተጨምሮ ይላካል። ምዝገባው የመሬት ይዞታ ደብተር ባለው ሰው ስም ከሆነ እኩል አራሹ (የሌላውን መሬት አርሶ ምርቱን የሚካፈለው) እና መሬት የተከራየው ወጣት ከዝርዝሩ ይወድቃሉ፤ ሰኔ ላይ ከረጢቱን ከነጋዴ የሚገዙት እነሱ ናቸው። ሰዓቱም አለ። ኢነዋሪ ዙሪያ በጥቁሩ አፈር ላይ በእጅ ሹሩቤ (ከፍ ያለ መደብና ቦይ) አውጥቶ ውኃውን ያንጣፈፈ ገበሬ ስንዴውን ቀድሞ መዝራት ይችላል። ዩሪያው ተከፍሎ ነው የሚሰጠው፤ ትንሹ በዘር ጊዜ፣ ብዙው ስንዴው ግንድ በሚያበዛበት ጊዜ። ይህ ካለፈ በኋላ የመጣ ዩሪያ መጋዘን ከማሞቅ በቀር ለዚያ ዓመት ምርት ብዙም አይረባ።

ስለዚህ ተመራጩ ሰኔ ላይ በጉባኤ ተነሥቶ «ማዳበሪያ ጠፋ» ቢል ጭብጨባ ያገኛል እንጂ ከረጢት አያመጣም። ጥያቄው ኅዳር ላይ፣ በጽሑፍ፣ በየቀበሌው ቁጥር መቅረብ አለበት። ከምዝገባ ውጭ የቀሩ አራሾች ስንት ናቸው? ወረዳው የላከው ቁጥርና ቢሮው የተቀበለው ይገጥማል? ሚያዝያ ላይ ደግሞ የገባውንና ማኅበራት የሸጡትን አስተያይቶ ልዩነቱን ለግብርና ጉዳይ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ መስጠት ነው። ከደብረ ብርሃን ባሕር ዳር በአዲስ አበባ በኩል ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኞቹ አባላትም ከጉባኤ ውጭ ሌላ መደበኛ ሥራ አላቸው። ያለ ወረቀት በቃል ብቻ የሄደ ጥያቄ መንገድ ላይ ይቀራል።

በጀቱ ላይ ብዙ አንልም። ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ወደ ወረዳ የሚወርደው ድጎማ አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል። ከሐምሌ በኋላ መንገድና ድልድይ ቃል የሚገባ ተመራጭ ካገኛችሁ ከየትኛው የበጀት መደብ እንደሚከፈል ጠይቁት።

የትልቅ ቤት ልጅ መሆን የሚጎዳው የመሬት ክርክር ላይ ነው። ባለጉዳይ አረንጓዴ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ተመራጩ ቤት ይመጣል፤ አባቱ ያስታርቁ ነበርና። ተመራጩም «ግድ የለህም፣ እነግርልሃለሁ» ይላል። ለዳኛ መናገር አይችልም፤ መናገርም የለበትም። በዚህ መሐል ግን የይግባኙ 60 ቀን ያልፋል፤ ባለጉዳዩ የተሸነፈው በመሬቱ ሳይሆን በቀን ነው። በዚያው ቀን «ውሳኔው መቼ ተሰጠ? ግልባጩን አውጥተሃል?» ብሎ ወደ ፍርድ ቤት መመለስ ያን ጊዜ ያድን ነበር።

ሌላው የዘመድ ነገር ነው። ወንድሙ የመሠረታዊ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ አክስቱ የቀበሌ መሬት ኮሚቴ አባል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአንድ ቀበሌ ይህ የሚያስገርም አይደለም። የማኅበሩ ሒሳብ ሲመረመር ግን ዝምድናውን በቃለ ጉባኤ አስመዝግቦ መውጣት አለበት። ቡና ላይ የተነገረ «እኔ የለሁበትም» ማንም አልመዘገበውም።

አዘጋጅ ሆይ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ዘጋቢያችሁ እጩውን ከጥማድ በሬ ጎን አቁሞ ፎቶ ከማንሣቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅልን፤ በቀበሌው ስንት እኩል አራሽ አለ? ከእነሱስ ስንቱ በማዳበሪያው መዝገብ ላይ ስሙ አለ? መልሱን ከፎቶው በላይ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደብረ ብርሃን አንባቢዎቻችሁ