የግራፊክስ ካርዴን ተዉት፣ ሜሞሪውን የሚበላው ፕሮግራማችሁ ነው

ሰላም ለድጋፍ ክፍሉ፣

ይሄ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው፣ ስለዚህ እባካችሁ "ድራይቨርህን አፕዴት አድርግ" የሚለውን መልስ ደግማችሁ እንዳትልኩልኝ፣ አድርጌያለሁ፣ ያውም የድሮውን ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼ። ሪስታርትማ በቀን ሁለቴ እያደረግኩ ነው እኮ፣ የምጽፍላችሁም እሱ ስለሰለቸኝ ነው።

የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራማችሁ ጠዋት ስከፍተው ምንም አይልም። ከሰዓት ላይ ግን ፕሪቪው መቆራረጥ ይጀምራል፣ ቆይቶ ምስሉ ጥቁር ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ የግራፊክስ ሜሞሪ አልቋል የሚል መልእክት ያወጣና ድርግም ይላል። ባለፈው ኤክስፖርት 90 ፐርሰንት ደርሶ ነው የጠፋብኝ፣ ያን ቀን ሞኒተሩን በቡጢ ያልመታሁት የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ ብቻ ነው።

ካርዴ 8 ጂቢ ቪራም፣ ማለትም የራሱ የግራፊክስ ሜሞሪ፣ አለው። ታስክ ማናጀር ውስጥ ዲቴይልስ ገብቼ ዴዲኬትድ ጂፒዩ ሜሞሪ የሚለውን፣ ቪራሙን የሚያሳየውን ኮለም አወጣሁና ቁጭ ብዬ አየሁት። ሌላ ምንም ሳልነካ የፕሪቪው መስኮቱን ብቻ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። በከፈትኩት ቁጥር 33 ኤምቢ ገደማ ይጨምራል፣ ስዘጋው ግን አይመለስም። 33 ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም፣ አንድ የ4ኬ ፍሬም 3840 በ2160 ፒክሰል ነው፣ ለአንዱ ፒክሰል 4 ባይት ብላችሁ አባዙት፣ እዛው ነው የሚመጣው። እንደኔ መስኮቱ ሲዘጋ ፍሬሙን መልቀቅ የረሳ ኮድ አለ። ቀኑን ሙሉ ስሠራ 200 ጊዜ ብከፍተው ከ6 ጂቢ በላይ ሄደ ማለት ነው፣ ከዛ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ራም ማሻገር ይጀምራል፣ ሼርድ የሚለው፣ ከራም የተወሰደውን የሚያሳየው ቁጥር ሲወጣና ፕሪቪው ሲቆራረጥ ደግሞ እኩል ነው። ፕሮግራሙን ስዘጋው ሁሉም ወዲያው ይለቀቃል! ታዲያ ካርዱ ምን አጠፋ?

ካሽ አጽዳ የሚለውን ቁልፋችሁንም ሞክሬዋለሁ፣ ዲስክ ላይ ያለውን ያጠፋል፣ የቪራሙ ቁጥር ንቅንቅ አይልም።

ባለፈው የመለሰልኝ ሰው ደግሞ ባለ 12 ጂቢ ካርድ ግዛ አለኝ። እሺ ገዛሁ እንበል፣ ከሰዓት ይሞላ የነበረው ማታ ይሞላል፣ ሌላ ምን ይለወጣል?

ስክሪንሾቶቹንና የክራሽ ሎጉን አያይዣለሁ፣ እባካችሁ ለፕሮግራመሮቹ ይድረስልኝ። እስኪስተካከል ድረስ ካለፈው አፕዴት በፊት የነበረውን ቨርዥን ሊንክ ላኩልኝ፣ እሱ ላይ እንዲህ አያደርግም ነበር። የዚህ ወር ሰብስክሪፕሽኔም ይራዘምልኝ፣ ግማሹን ያሳለፍኩት ፕሮግራሙን በመዝጋትና በመክፈት ነው።

እና ቲኬቱን እንዳለፈው "ተፈቷል" ብላችሁ እንዳትዘጉት።