ለአነስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥምር ቡድን ይፈቀድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በመንዝ በኩል ባለ አንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር ዘንድሮ 14ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጋዜጣችሁ ስለ ትምህርትም ሆነ ስለ ስፖርት የሚጻፉ አስተያየቶችን ስለሚያስተናግድ፣ በሁለቱ መካከል ወድቆ የትምህርቱም የስፖርቱም ዘርፍ የእኔ ነው ያላለውን አንድ ጉዳይ ለአንባቢያንና ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች ላቀርብ እወዳለሁ። ጉዳዩ የተማሪ ቁጥራቸው አነስተኛ በሆነ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች በትምህርት ቤቶች ውድድር የሚሰለፉበት ቡድን ማጣታቸው ነው።

እኔ ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ የአካባቢያችን ልጅ 8ኛ ክፍልን ሲጨርስ ወደ ወረዳው ከተማ ሄዶ፣ ከሦስትና ከአራት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤተሰቡ ለስንቅ እየተመላለሰ ነበር የሚማረው። ይህን ያልቻለው ትምህርቱን ያቋርጥ ነበር፤ ከሚያቋርጡት ውስጥም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ወላጅ ልጁን ለብቻዋ ከተማ አከራይቶ ለማስቀመጥ ይፈራልና። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ ቀበሌዎች እየቀረበ መጣ። ሕዝቡ ድንጋይ አቅርቦ፣ እንጨት ቆርጦ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ያሠራቸው ናቸው፤ የእኛም ከእነዚህ አንዱ ነው። በዚህ ምክንያት ዛሬ ከእናቷ ቤት እየተመላለሰች 12ኛ ክፍል የምትደርስ ልጅ ማየት ችለናል፤ ይህ እንዲቀር የሚፈልግ ሰው የለም፤ እኔም ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ ነው። ነገር ግን የውድድሩ ደንብ ትምህርት ቤት ሁሉ የከተማ ትምህርት ቤት በነበረበት ጊዜ እንደነበረው ቀርቷል። ልጁ በሩቅ ከተማ ሲማር ያገኘው የነበረውን ቡድን፣ ትምህርት ቤቱ ደጁ ሲመጣለት አጣው።

የእኛ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎች 214 ናቸው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ከ214 ልጆች አንድ የእግር ኳስ ቡድን መምረጥ ቀላል ሊመስለው ይችላል፤ ሜዳ ላይ የሚያስፈልጉት 11 ልጆች ናቸው፤ ለመረብ ኳስ 6፣ ለእጅ ኳስ 7፣ ለቅርጫት ኳስ ደግሞ 5 ይበቃሉ። ስሌቱ ግን እንዲህ አይሠራም። መጀመሪያ ቁጥሩ በወንድና በሴት ለሁለት ይከፈላል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከጥር በኋላ ሐሳባቸው ሁሉ ብሔራዊ ፈተናው ላይ ነው፤ እውነትም ነው፣ መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው። ከቀሩት ውስጥ ቤታቸው የሁለት ሰዓት መንገድ የሆነባቸው አሉ፤ እነዚህ ከትምህርት በኋላ ለልምምድ ከቆዩ ጨለማ መንገድ ላይ ይደርስባቸዋል። ከብት የሚያስገባው ወንድ ልጅ ነው፤ ውኃ የምትቀዳው ሴት ልጅ ናት። በመጨረሻ በሳምንት ሦስት ቀን ሳያቋርጡ ልምምድ ላይ የሚገኙት ወንዶች 9 ወይም 10፣ ሴቶች ደግሞ 4 ወይም 5 ይሆናሉ። የእግር ኳስ ሕግ አንድ ቡድን ከ7 በታች ይዞ ጨዋታ እንዳይጀምር ስለሚከለክል፣ በሴቶች እግር ኳስ ለመመዝገብ እንኳ አንደርስም። ከ2,000 በላይ ተማሪ ያለው የከተማ ትምህርት ቤት ከአንድ ክፍል ደረጃ ብቻ ሁለት ቡድን ያወጣል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝን ነገር ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት 4 ጎበዝ የመረብ ኳስ ተጫዋች ሴቶች ነበሩን። የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ርቆ ያለው ጎረቤታችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ 5 ነበሩት። የዚያ ትምህርት ቤት መምህርና እኔ ተነጋግረን፣ ርእሳነ መምህራኑንና ወላጆቻቸውን አስፈቅደን፣ በየቅዳሜው በሁለቱ መካከል ባለ አንድ የግጦሽ ሜዳ ላይ እናገናኛቸው ጀመር። መረቡን እኛ እንወስዳለን፤ ኳሱን እነርሱ ያመጣሉ፤ ቋሚውን ከአካባቢው ገበሬ የተለመነ ባሕር ዛፍ ተክለንበታል። ለሁለት ወር ያህል እንዲህ ተለማመዱ። ከእኛዎቹ አንዷ፣ ስሟን መጥቀስ ተገቢ አይደለም፣ ኳስ ለአጥቂ የምታመቻችበት እጅ ነበራት፤ በ14 ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንደ እርሷ ያለ አላየሁም። የወረዳው ውድድር ሲደርስ 9ኙም ባናና ጋቢያቸውን፣ በሶና ቆሎአቸውን ተሸክመው በተከራየነው አይሱዙ ወደ ከተማ ሄዱ። በምዝገባው ጠረጴዛ ላይ ግን አንድ ቡድን መወከል ያለበት አንድን ትምህርት ቤት ብቻ መሆኑ፣ የቡድኑ ዝርዝርም የአንድ ትምህርት ቤት ማኅተም ብቻ እንዲኖረው እንደሚያስፈልግ ተነገረን። ለመንን፤ አልተቻለም። ልጆቹ የመመለሻ መኪና እስኪመጣ ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ ሜዳው ዳር ቆመው የሌሎችን ጨዋታ አዩ። ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ ኳስ አልነካችም፤ በሚቀጥለው ዓመት ስጠራትም «ጋሼ፣ ለማን ብዬ?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።

አዘጋጆቹ ክፉ አስበው ያደረጉት አይደለም። ሥጋታቸውን አውቀዋለሁ፤ እኔም በውድድር ዳኝነት ስለሠራሁ አይቼዋለሁ። ትምህርት ቤቶች ለማሸነፍ ሲሉ የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ፣ አንዳንዴም ትምህርቱን ጨርሶ የወጣ ጎልማሳ ያሰልፋሉ፤ ተጋጣሚው ክስ ያስይዛል፤ ጨዋታው በሜዳ ሳይሆን በቢሮ ያልቃል። «አንድ ቡድን፣ አንድ ትምህርት ቤት» የሚለው ደንብ የወጣው ይህን ለመከላከል ነው። ሆኖም ማጭበርበርን ለመከላከል የወጣ ደንብ፣ ምንም ሳይደብቁ በሁለት ርእሳነ መምህራን ፊርማ የመጡትን ልጆች አብሮ ሊከለክል አይገባም። የሚደበቀውና በግልጽ የሚቀርበው የተለያዩ ናቸው፤ ደንቡም ለይቶ ሊያያቸው ይችላል።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የዞኑ ትምህርት መምሪያና የስፖርት ዘርፉ ተነጋግረው አንድ የተማሪ ቁጥር ጣሪያ ይወስኑ፤ 300 ይሁን 400 ይሁን እነርሱ መረጃው ስላላቸው ያውቁታል። ከዚያ ቁጥር በታች የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በአንድ የስፖርት ዓይነት አንድ ጥምር ቡድን እንዲያስመዘግቡ ይፈቀድላቸው። የተጫዋቾቹ ዝርዝር ከየትምህርት ቤቱ ሮስተር ጋር ተመሳክሮ በየርእሰ መምህሩ ፊርማና ማኅተም ይጽና፤ ቡድኑም በሁለቱም ትምህርት ቤቶች ስም ይጠራ። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ይህን ተጠቅመው ኮከብ ተጫዋች እንዳይሰበስቡ ጣሪያው ራሱ ይከለክላቸዋል። ከዚህ በተጨማሪ ጎረቤት አነስተኛ ትምህርት ቤት ለሌለውና በራሱ ትምህርት ቤት የሚወደው ስፖርት ለማይሰጥ ተማሪ፣ በቅርብ በሚገኝ ሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ በፈቃድ እንዲሰለፍ መንገድ ቢከፈትለት መልካም ነው። ይህኛው ጥንቃቄ እንደሚፈልግ እቀበላለሁ፤ በአንድ ቡድን ከሁለት ልጅ በላይ እንዳይሆን መገደብ ይቻላል። ጥምር ቡድኑ ግን ነገ ሊጀመር የሚችል፣ ከአንድ አንቀጽ በቀር ምንም የማያስወጣ ነገር ነው።

ይህን ሐሳብ ሳነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝ መልስ «ለእናንተ አገር ሩጫ አለላችሁ» የሚል ነው። በሩጫ እኮራለሁ። አበበ ቢቂላ የተወለደው በሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማራቶንን ሲያሸንፍ የተሰማው ደስታ ዛሬም በየቤታችን ይነገራል። የመንዝ ደጋ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ለመድረስ ብቻ በየቀኑ የሚጓዙት መንገድ ልምምድ ነው። ነገር ግን ሁሉም ልጅ ሯጭ አይደለም። ኳስ የምታመቻቸዋን ልጅ ሩጪ ማለት ያላትን ተወት አድርጋ የሌላትን እንድትፈልግ ማድረግ ነው። ደግሞም ሩጫው ራሱ ያለ ትምህርት ቤት ውድድር አይበቅልም። በአርሲ በቆጂ ስንታየሁ እሸቱ የስፖርት መምህር ሆነው ከትምህርት ቤት ልጆች መካከል እየለዩ ያሠለጠኗቸው፣ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን የመሰሉ አትሌቶች ሆነዋል። አየሩና ከፍታው በብዙ ቦታ አለ፤ ልጁን የሚያይ ዓይንና የሚወዳደርበት ቀን ግን በሁሉም ቦታ የለም።

ሌላው የሚነሣው የፈተናው ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ የእኛ ክፍለ ጊዜ ለማጠናከሪያ ትምህርት ሲወሰድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ባልደረቦቼን አልወቅስም፤ የሒሳብ መምህሩም የሚጨነቀው ለእነዚሁ ልጆች ነው። ነገር ግን ስፖርት ከትምህርት የሚያስቀር ነው የሚለውን አልቀበልም፤ እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። በየቅዳሜው ለልምምድ የሚመጣው ልጅ ሰኞ ከክፍል አይቀርም፤ የቀረ እንደሆነ ከቡድኑ እንደሚወጣ ያውቃልና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል፤ በ1990 ዓ.ም. የወጣው የስፖርት ፖሊሲም ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤት፣ በመኖሪያ አካባቢና በሥራ ቦታ በስፖርት እንዲሳተፍ ይላል። የመንዝ፣ የመርሐቤቴ ወይም የአንኮበር ገጠር ትምህርት ቤት ልጅ ከዚህ ውጭ አይደለም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልጽፍም፤ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንደተቸገሩ ይታወቃል። ጥምር ቡድን ግን ወጪን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሁለት ትምህርት ቤት አንድ ኳስ፣ አንድ መረብ፣ አንድ ዙር ማሊያ፣ አንድ የመኪና ኪራይ ይጋራሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተከሠተው የጸጥታ ችግር ልጆችን ከቦታ ቦታ ይዞ መንቀሳቀስ አስቸጋሪ በሆነበት በዚህ ጊዜ ደግሞ፣ ሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በእግር ደርሰው የሚለማመዱበትና ወላጅ ከመንደሩ ሳይርቅ ልጁን የሚያይበት ስፖርት፣ ሩቅ ከተማ ተወስዶ ከሚደረገው የተሻለ ደኅንነት አለው። ለሴት ልጆች ይህ በተለይ ያስፈልጋል። ከአንዱ ትምህርት ቤት ሴት መምህርት ባትኖር ከሌላው ትኖራለች፤ እርሷ አብራ የምትሄድ ከሆነ እምቢ የሚል ወላጅ በእኔ ዘንድ እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለ ጊዜውም አንድ ነገር ልጨምር። ውድድሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሆን ገብሱና ስንዴው አጨዳና ውቂያ ላይ ስለሚሆን፣ ከአነስተኛ ትምህርት ቤት አምስት ልጅ እንኳ ቢቀር ቡድኑ ይፈርሳል። ከጥምቀት በኋላ ቢደረግ እህሉ ጎተራ ገብቷል፤ መንገዱም ደርቋል።

ያለሁበት ወረዳ የዘንድሮው የውድድር ጥሪ ደብዳቤ ገና አልተበተነም። ከመበተኑ በፊት ጥምር ቡድንን የሚፈቅድ አንድ አንቀጽ ቢገባበት፣ እኛና ጎረቤታችን ዝርዝሩን በሁለት ማኅተም አድርገን በማግስቱ እናቀርባለን። ዘንድሮ ከእኛ 5፣ ከእነርሱ 4 ሴቶች አሉን፤ ካለፈው ወር ጀምሮ በዚያው የግጦሽ ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተለማመዱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህር
ከሰሜን ሸዋ