«ደክሞት ነው» ከማለት በፊት ፈሳሹ ይታይ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከጭንቅላት በስተኋላ ከታች ስላለው ትንሹ አንጎል (ሴሬቤለም) ወሬ ሲነሳ የሚወራው ስለ ሰውነት ሚዛን ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ክፍል ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቆሞ ከሄደ ቤተሰብ «ተሻለው» ብሎ ያርፋል። ተመራማሪዎቹ ሽማህማንና ሸርማን ግን በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ይህ ክፍል ሲጎዳ ማቀድ፣ ቃል ቶሎ ማግኘት፣ አቅጣጫና ቦታን መለየት፣ ስሜትን መግታትም እንደሚዳከሙ አሳይተዋል። በሽተኛው አንድ ጥያቄ በትክክል ይመልሳል፤ ሦስት ትእዛዝ በአንዴ ሲሰጠው ግን ሁለተኛው ላይ ይጠፋበታል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ትእዛዙን አንድ በአንድ መስጠት ይበጃል።

ሕፃናት ላይ የባሰ አለ። በተለይ ሜዱሎብላስቶማ የተባለው የትንሹ አንጎል ዕጢ በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው፣ አንድ ሁለት ቀን ካወሩ በኋላ ድምፃቸው ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ንግግሩ ከቀናት እስከ ወራት ቆይቶ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን እየተጎተተ ነው።

አሳሳቹ ነገር ፈሳሹ ነው። አንጎል በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ፈሳሽ ያመነጫል፤ በአዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግን 150 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። መተላለፊያው፣ ማለትም አራተኛው የአንጎል ክፍተት፣ ከትንሹ አንጎል ፊት ለፊት ስላለ እብጠት ወይም ደም ይዘጋዋል። ያን ጊዜ ሰውየው ይፈዛል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ይንገዳገዳል፤ ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። ከላይኛው የአእምሮ ችግር ጋር መምታታቱ እዚህ ላይ ነው። መለያው አካሄዱ ነው፦ የአእምሮው ድክመት ባለበት ይቆያል ወይም ቀስ ብሎ ይሻላል። ትናንት የቻለውን ዛሬ ያቃተው ሰው ግን በዚያው ቀን ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል።

ከቀዶ ሕክምናው ቁስል ውሃ መሳይ ነገር ከወረደ፣ ወይም ጎንበስ ሲል በአፍንጫው ካንጠባጠበ፣ ይኸው የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል ፋሻ መደራረብ መፍትሔ አይደለም፤ ማጅራት ገትር በዚያው ቀዳዳ ይገባል። በንጹህ ብልቃጥ ጥቂት ተቀብሎ ወደ ቀዶ ሐኪሙ መውሰድ ነው፤ ቤታ 2 ትራንስፈሪን የተባለው ምርመራ ከተራ ንፍጥ ይለየዋል። ፈሳሹ ተጠራቅሞ ማጅራት ላይ የሚያብጠውን ለስላሳ እብጠትም የትም ክሊኒክ በመርፌ ማስወጋት ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው።

ሆስፒታሎች በመውጫው ወረቀት ላይ በሽተኛው በዚያ ቀን እንዴት እንደሚናገር፣ እንደሚራመድና ስንት ትእዛዝ እንደሚይዝ ቢጽፉ፣ ቤተሰብ «ተለወጠ» የሚለው ከምን ተነስቶ እንደሆነ ተረኛው ሐኪም ያውቃል።